የተኛች ወፍ ሂሳብ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ወዳጄ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣና በጨለማ እየዳበሰ የባልዲውን ክዳን ፈለቀቀው። "ስልክህን አብራ እስቲ!" አለኝ። አበራሁ። ርግቧ ደህና ናት። ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ ገልጣ አየችን። ወዲያው መልሳ ጨፈነችው። የደነገጥነው እኛ ነን።

ክፍሏ ከአራት ኪሎ አደባባይ ብዙ አትርቅም። ወዳጄ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ የተማረ ሰው ነው። እኔ የሄድኩት ቁጥር ለመመዝገብና ቡና ለማፍላት ነው። ርግቧን የተዋስናት ከጎረቤቴ ልጅ ነው። ጣሪያቸው ላይ ርግብ ያረባል። "ጋሼ፣ አትሞትም አይደል?" እያለ ሦስት ጊዜ ቃል አስገብቶኛል። መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ የታየኝ የእሱ ፊት ነው።

ሥራችን በአጭሩ ይኼ ነው። አንዲት ወፍ ምንም ሳትሠራ፣ ዝም ብላ ተኝታ፣ ስንት ኃይል እንደምትፈጅ መለካት። በሙያው የእረፍት ሜታቦሊዝም መጠን ይባላል። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚኒባስ ታክሲ ተራ ይዞ ሲቆም ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል፣ ሞተሩ ደግሞ እንደበራ ነው። መኪናው አንድ ሜትር አልሄደም። ነዳጁ ግን እየሄደ ነው። ወፍም እንደዚያው ናት። ሳትበር፣ ሳትዘምር፣ ሳትጣላ፣ ልብ ይመታል፣ ኩላሊት ያጣራል፣ አንጎል ይሠራል፣ ሰውነት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ መቆየት አለበት። የዚህ ሁሉ ወጪ ነው የሚለካው።

ታዲያ የርግብ እንቅልፍ ማንን አስጨነቀው? ልክ ነው፣ ጥያቄው ይነሣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የመሀል አዲስ አበባን ሌሊት ለውጦታል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሌሊት ሲወርዱ መንገዱ ቦግ ብሏል። ሕንፃው በመብራት ተለብጧል፣ ዛፉ ሥር ሳይቀር አምፖል ተተክሏል። ስለ ቤቶቹ፣ ስለ ካፌዎቹ፣ ስለ እግረኛ መንገዱ ያልተባለ ነገር የለም። ዛፉ ላይ ስለሚያድሩት ግን ማንም ሲያወራ አልሰማሁም። ሰፈሩ የተነሣበት ሰው ባለበት ከተማ ስለ ወፍ መኝታ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፣ አይፈረድም። (ፒያሳ "ዶሮ ማነቂያ" የሚባል ሰፈር የነበራት ከተማ ውስጥ ወፍ መቼ ተዝናንታ ታውቃለች የሚል ቀልደኛም አይጠፋም።) ብቻ "መብራቱ ወፎቹን ጎዳ" የሚልም፣ "ምንም አልሆኑም፣ ይኸው ይዘምራሉ" የሚልም፣ ሁለቱም በዓይኑ ብቻ ነው የሚፈርደው። ወፍ ደግሞ በዓይን አትነበብም። ሊጨርሳት የደረሰ ረሃብ ላይ ሆና እንኳ ደህና መስላ ትታያለች። የደከመች የመሰለችውን ጭልፊት ይወስዳታላ።

ስለዚህ ትንፋሿን መለካት ነው የሚሻለው።

ሀሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳውያኑ ሊቃውንት ላቯዚየና ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1782/83 የብርድ ወራት ፓሪስ ውስጥ አንድ ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። እንስሳው በሙቀቱ ያቀለጠው በረዶ ውሃ ሆኖ ሲወርድ መዘኑት። ከዚያ የተነፈሰውን አየር ከዚያ ሙቀት ጋር አስተያዩት። መተንፈስ ማለት ቀስ ብሎ መንደድ ነው የሚለው ነገር ከዚያ መጣ። ዛሬ በረዶ ማቅለጥ አያስፈልግም። ሰውነት አንድ ሊትር ኦክስጅን በተጠቀመ ቁጥር በግምት 20 ኪሎጁል ኃይል ይወጣል። ወፏ ስብ ብታቃጥል ወይም እህል፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው የሚለዋወጠው። ኦክስጅኑን ከለካህ ነዳጁን ለካህ ማለት ነው።

የኛ መሣሪያ ሲታይ ያስቃል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የ10 ሊትር ባልዲ አለ። ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለት ቱቦ። በአንዱ ንጹሕ አየር ይገባል፣ በሌላው ርግቧ የተነፈሰችው ይወጣል። ትንሽ ፓምፕ አየሩን ይስባል፣ መለኪያው ስንት እንዳለፈ ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ የኦክስጅን መለኪያው አለ፣ ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቷል። መሀል ላይ ደግሞ ሰማያዊ ፍሬዎች የሞሉበት ብልቃጥ። ፍሬዎቹ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት የከረጢት ጠጠር ዘመድ ናቸው፣ እርጥበት ይመጥጣሉ። ትንፋሽ እርጥብ ነው። እርጥበቱ ካልተወገደ የውሃው ተን የኦክስጅኑን ድርሻ ያሳንሰውና ወፏ ከበላችው በላይ የበላች ይመስላል። ፍሬዎቹ ሲረጥቡ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ይለወጣሉ። ያን ሌሊት ሮዝነቱ ከብልቃጡ አንድ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሲሄድ እያየሁ ነው ያመሸሁት። የርግብ ትንፋሽ በዓይን ሲታይ ይኼን ይመስላል።

ቁጥሩን እንየው። 300 ግራም ገደማ የምትመዝን ርግብ በእረፍት ላይ 1.5 ዋት አካባቢ ትፈጃለች ተብሎ ይጠበቃል። ይህ በደቂቃ 4.5 ሚሊሊትር ያህል ኦክስጅን ነው። በባልዲው ውስጥ በደቂቃ 1 ሊትር አየር ብናሳልፍ የገባው 20.95 በመቶ ኦክስጅን ሲወጣ 20.50 ይሆናል። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ሙሉው ወሬ ያለው እዚህች ቀጭን ልዩነት ውስጥ ነው። መለኪያው ትንሽ ቢዋዥቅ ውጤቱ ይበላሻል። ለዚህ ነው ወዳጄ በየመሀሉ ቱቦውን ከባልዲው ነቅሎ የውጭ አየር የሚያስለካው። ሚዛን ላይ ዕቃ ከማስቀመጥህ በፊት ዜሮ መሆኑን እንደማየት ነው።

መብራት ሲጠፋ ለምን እንደዘለለም ከዚሁ ሂሳብ ይገባል። ፓምፑ ቆመ ማለት ባልዲው ታሸገ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 17 በመቶ ይወርዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ይጠራቀማል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ፓምፑ ከመኪና ባትሪ ጋር ተያይዟል። መጀመሪያውኑ መሆን ነበረበት፣ ግን እኛ ነን።

አሁን አዲስ አበባ ወደ ሂሳቡ ትገባለች።

አራት ኪሎ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ብዙ ሰው "ኦክስጅኑ በመቶኛ ያንሳል" ይላል። አይደለም። መቶኛው ያው 20.95 ነው። የሚያንሰው በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የአየር ብዛት ነው፣ አየሩ ሳስቷል። እናቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ድሬዳዋ ከሚበስልበት ጊዜ በላይ ምድጃ ላይ ይቆያል። እንጦጦ ላይ የሚሮጠው አትሌትም ያውቀዋል።

ለለኪው ግን ወጥመድ ነው። የኦክስጅን ፍጆታ ከሌላው ዓለም ጋር እንዲነጻጸር በመደበኛ ሁኔታ መጻፍ አለበት። ማለትም ደረቅ አየር፣ 0 ዲግሪ፣ የባሕር ወለል ግፊት። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ አራት ኪሎ ላይ የተለካ አንድ ሊትር አየር ወደዚህ መደበኛ ሲመለስ 0.7 ሊትር ብቻ ይሆናል። የክፍሉን ሊትር እንዳለ ወስደህ ብታባዛ ውጤትህ ከ40 በመቶ በላይ ይጋነናል። የአዲስ አበባ ርግብ በአንድ ሌሊት የዓለም ሪከርድ ሰበረች ማለት ነው። እርማቱን በራሳቸው የሚሠሩ ዘመናዊ መለኪያዎች አሉ። ግን አንዱ 0 ዲግሪን፣ ሌላው 20ን፣ ሌላው 25ን መነሻ ያደርጋል፣ መመሪያው ላይ በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። ርካሽ የሆኑት የኦክስጅን ሴንሰሮች ደግሞ የሚያዩት መቶኛውን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ሴንሰር እዚህ ሲከፈት 16 በመቶ ምናምን ይልሃል። ተበላሽቶ አይደለም። ካለበት ቦታ ጋር ካላስተዋወቅከው አገሩን አያውቅም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ይስተካከላል። ወዳጄን ያከሳው ሌላ ነገር ነው፣ "እረፍት" የምትለዋ ቃል።

በመጀመሪያዋ ሌሊት ያገኘነው ቁጥር ከተጠበቀው በጣም የበለጠ ነበር። መሣሪያውን ጠረጠርን። ቱቦ ፈታን፣ ቱቦ ገጠምን። ችግሩ ርግቧ ላይ ነበር፣ ወይም እኛ ላይ። ልጁ ሲሰጠን "እንዳትራብ" ብሎ ስንዴ አጥግቧት ነበር። የበላ እንስሳ አላረፈም። ምግብ መፍጨት ራሱ ሥራ ነው፣ ሙቀት ያወጣል። ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ላብ ላብ የሚለው ያለምክንያት አይደለም፣ ፕሮቲን ሲፈጭ ከሁሉ የበለጠ ሙቀት ያወጣል። ትንሽ ዘማሪ ወፍ ከሆነች ጥቂት ሰዓት መጾም ይበቃታል። ርግብ ግን አንገቷ ሥር እህል የምታጠራቅምበት ከረጢት አላት። ማታ የጎረሰችውን ሌሊቱን ሙሉ ነው የምታወርደው። እሷ ከቀትር ጀምሮ መጾም አለባት።

ቀጥሎ ብርድ። ክፍሉ በኅዳር ሌሊት 14 ዲግሪ ነበር። እኛ ጃኬት ደርበናል፣ ርግቧ ደግሞ ላባዋን ነፍታለች። ለእያንዳንዱ ዝርያ ሰውነቱን ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ተጨማሪ ወጪ የማያስፈልገው የሙቀት ክልል አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ተመራማሪው ሾላንደርና ባልደረቦቹ የአርክቲክና የሞቃት አገር እንስሳትን አስተያይተው በግልጽ ያሳዩት ነገር ነው። አየሩ ከዚያ ክልል በታች ሲወርድ ፍጆታው ሽቅብ ይወጣል። ለርግብ 30 ዲግሪ ይመቻል። ወዳጄ ባልዲውን የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ 30 ላይ አደረገው። ዶሮ ያልፈለፈለ ሳጥን፣ ርግብ አስተኛበት።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ያው ወፍ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ባዶ ሆድ ሆኖ፣ በቀን ንቁ በምትሆንበት ሰዓት ከተለካች በሌሊት ከምትለካው ሩብ ያህል ይበልጣል። ዝም ብላ ብትቀመጥም ሰውነቷ ቀን መሆኑን ያውቃል።

በሙያው እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ፣ ወፏ አዋቂ ስትሆን፣ እንቁላል ሳትጥል፣ ላባ ሳትቀይር ሲሆን፣ ቁጥሩ መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ይባላል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል የእረፍት ሜታቦሊዝም ይባላል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ለምሳሌ ጫጩት በማደግ ላይ ስለሆነች መሠረታዊ ቁጥር የላትም፣ የእረፍት ቁጥር ግን አላት። ሁለቱን ቀላቅሎ ማወዳደር ባዶ ታክሲን ከጫነ ታክሲ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ይህን ሁሉ አሟልተን በሦስተኛው ሌሊት ፍጆታዋን የሚያሳየው መስመር ወረደ። ላፕቶፑ ላይ ቀስ እያለ ወርዶ ተኛ። ደስ አለን። ከዚያ ውጭ ውሾች ተጣሉ። ርግቧ አልተንቀሳቀሰችም፣ ክዳኑ መስኮት አለው፣ አይቻታለሁ። ላባዋ እንኳ አልተነቃነቀም። መስመሩ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጉብ አለ። የዘገየው ባልዲው ትልቅ ስለሆነ ነው። አሮጌው አየር ወጥቶ አዲሱ እስኪተካ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ መስመሩ ሁልጊዜ ትንሽ ያለፈውን ነው የሚነግርህ። ውሾቹ ዝም አሉ፣ መስመሩ ወረደ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ የማኅሌቱ ድምፅ በማጉያ ተሰማ፣ መስመሩ እንደገና ጉብ አለ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ጉብ።

ወዳጄ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ስክሪኑን እያየ "እሺ፣ እረፍቱ የትኛው ነው?" አለ።

ቀልድ አልነበረም። ተመራማሪዎች ከሌሊቱ መስመር ውስጥ ዝቅተኛውንና የተረጋጋውን ቁራጭ መርጠው አማካይ ይወስዳሉ። አንዱ 5 ደቂቃ ይወስዳል፣ ሌላው 10፣ ሌላው አንድ ሰዓት። የተቆረጠው ጊዜ አጭር ሲሆን ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሲረዝም ከፍ ይላል፣ ያው ወፍ ሆና ሳለ። አንድ ጥናት ከሌላው ጋር አልገጥም ሲል ብዙ ጊዜ ወፎቹ አይደሉም የተለያዩት፣ የሰዓቱ አቆራረጥ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ እረፍት ነው ማለትም አይደለም። በየግቢያችን አጥር ላይ የምትንጠለጠለውን፣ ረጅም ጭራና ቁንጮ ያላትን፣ አይጥ መሳይ ቡናማ ወፍ ታውቋታላችሁ። ፍሬና ቅጠል ትበላለች፣ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር ተጣብቃ እንደ ዘለላ ታድራለች። እሷ ሲርባትና ሲበርዳት የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ አድርጋ ትደነዝዛለች። ብቻዋን ባልዲ ውስጥ ብታስገባት መስመሩ ወርዶ ወርዶ ሊያስደስትህ ይችላል። እሱ እረፍት አይደለም፣ ሱቅ ዘግቶ መሄድ ነው። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ የተለካች አንዲት ሃሚንግበርድ እንደዚህ ደንዝዛ ሰውነቷ 3.26 ዲግሪ ድረስ ወርዷል። ጠዋት ተነሥታ በረረች።

እኔ ግን ስለ ጉብታዎቹ ነው ሳስብ ያደርኩት። ለወዳጄ እነሱ ስሕተት ናቸው፣ ተቆርጠው የሚጣሉ። ንጹሑን ቁጥር ለማግኘት ልክ ነው። ለመሀል አዲስ አበባ ወፍ ግን ሕይወቷ ጉብታው ነው። ሾላ ዛፍ ላይ የምታድር ወፍ የሚቆርጥላት የለም።

እስቲ ድንቢጥን እንውሰድ። ድንቢጥ 25 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ በእረፍት 0.3 ዋት አካባቢ ትፈጃለች። ትንሽ ይመስላል። በኪሎ ስናሰላው 12 ዋት ነው። የ70 ኪሎ ሰው በዚህ ልክ ቢነድ 840 ዋት ይሆናል፣ ካውያ ማለት ነው። እኛ በእረፍት ላይ 80 ዋት ገደማ ነን። ትንሽ አካል በኪሎ ሲታሰብ ብዙ ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1932 ተመራማሪው ማክስ ክላይበር ከትንንሽ እስከ ትልልቅ እንስሳት ደርድሮ ያሳየው ይህንኑ ነው።

አሁን የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት አስቡ። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ 12 ሰዓት ተኩል ሊጠጋ ይችላል፣ አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ድንቢጧ ሰውነቷን ለማሞቅ ከእረፍት ወጪዋ እጥፍ ታወጣለች እንበል። ያ በሌሊቱ 27 ኪሎጁል ገደማ ነው፣ በስብ ሲመነዘር ከግማሽ ግራም በላይ፣ 0.69። ከ25 ግራም ላይ። የ70 ኪሎ ሰው በአንድ ሌሊት ተኝቶ 1.9 ኪሎ ስብ አቃጠለ እንደማለት ነው። ድንቢጧ ይህን ስብ ትናንት ከቀኑ 12 ሰዓት በፊት አከማችታ መሆን አለበት። ነገም እንደዚያው። ቁጠባ ደብተሯ የአንድና የሁለት ሌሊት ነው።

እዚህ ላይ ከተማው ሁለት እጅ ያለው ይሆናል። አስፋልቱ፣ ኮንክሪቱ፣ መስታወቱ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሳሉ። መሀል ከተማ ከዳሩ ይሞቃል። ለብርዳም ሌሊት ይህ ለወፏ ድጎማ ነው። በሌላው እጁ ደግሞ ያስከፍላል። መብራቱ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ነቅታ የተቀመጠች ወፍ ከተኛችው በላይ ትነዳለች። ሰማይ ጠቀስ ጥድ ተነሥቶ ቀጭን ችግኝ ሲተካ ነፋስ የሚከልል የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ጀርመን ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ የሙሉ ጨረቃን ብርሃን የሚያክል 0.3 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) መብራት ሌሊት ሌሊት ሲበራላቸው የከረሙ ወፎች የመራቢያ አካላቸው ከጨለማ ካደሩት አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀድሞ ደረሰ። 0.3። የመንገድ መብራት ሥር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ድጎማው ይበልጣል ወይስ ክፍያው? ይህን በካፌ በረንዳ ላይ ተከራክረን አንጨርሰውም። ሂሳብ ነው፣ ሂሳብ ደግሞ ይለካል።

"ከውጭ የተለካ ቁጥር አለ፣ እሱን እንውሰድ" የሚል አይጠፋም። አይሆንም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓናማ ውስጥ በ69 ዝርያዎች ላይ የተሠራው ጥናት የሞቃት አገር ወፎች መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ከቀዝቃዛ አገሮቹ 18 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አሳይቷል። ረጋ ያለ ኑሮ፣ ጥቂት እንቁላል፣ ረጅም ዕድሜ። በካርታ ካየን አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ የፓናማ እኩያ። ግን የፓናማ ቆላ ሌሊት ላብ ያስወጣል፣ የኛ ጋቢ ያስደርባል። እንግዲህ የኛዋ ወፍ በኬክሮሷ ትቆጠር ወይስ በብርዷ? እ.ኤ.አ. በ2015 ፔሩ ውስጥ ከ250 በላይ ዝርያዎችን ከቆላ እስከ ደጋ የለካ ሌላ ቡድን ከፍታው ልዩነት አላመጣም አለ። ደጋ ላይ ያለችውም ረጋ ያለች ናት ማለት ነው። እውነት እኛም ጋ እንደዚያ ከሆነ ወፎቻችን በትንሽ ሞተር ትልቅ ብርድ የሚገፉ ናቸው፣ እያንዳንዷ የሌሊት ጉብታ ከሌላው አገር ይልቅ ትከብዳቸዋለች። እዚሁ አገር ያቤሎ አካባቢ ብቻ የምትኖረው የቁራ ዘመድ ወፍ የምትሰጠን ትምህርት አለ። ከምትኖርባት ክልል ወሰን ውጭ ያለው አካባቢ ለዓይን አንድ ዓይነት ነው፣ ዛፉም ሣሩም። የሚለየው ሙቀቱ ነው። ወሰኗን ያሰመረላት ሰውነቷ ይመስላል፣ እኛ በዓይናችን አናየውም።

የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም። ድንቢጥና ዋኔ የመሰሉ፣ መሀል ከተማ የሞሉ ሁለት ሦስት ዝርያዎች በቂ ናቸው። የዱር ወፍ ለመያዝ የሚመለከተው አካል ፈቃድ ይጠየቃል። ያችኑ ወፍ አንድ ሌሊት በጨለማ፣ አንድ ሌሊት የመንገዱን ያህል ብርሃን እያገኘች መለካት። አንድ ሌሊት በጸጥታ፣ አንድ ሌሊት የተቀዳ የመንገድ ድምፅ እያሰሙ። ወፏን ከራሷ ጋር ነው የምናነጻጽራት፣ ስለዚህ ከፍታውም፣ የሰዓቱ አቆራረጥም፣ የሴንሰሩ አመልም ለሁለቱም ሌሊት እኩል ነው፣ ይጣፋል። ጉብታዎቹ እዚህ ላይ አይቆረጡም፣ ይደመራሉ። ስንት ኪሎጁል፣ ስንት ግራም ስብ፣ ስንት ፍሬ እህል እንደሆኑ ይታወቃል። ከዚያ "መብራቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይቀነስ" ወይም "ወደ ዛፉ ሳይሆን ወደ መሬት ይዙር" የሚል ሰው በእጁ ቁጥር ይዞ ይናገራል። ቁጥሩ ምንም ጉዳት የለም ካለም ይበል፣ እኔም አፌን እይዛለሁ።

በአራተኛው ሌሊት መብራትም አልጠፋ፣ ውሾቹም ደግ ሆኑ። መስመሩ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ቀጥ ብሎ ተኛ። ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት መጣ። ርግቧን ከእጄ ተቀብሎ ክንፏን ዘርግቶ አየ፣ እግሯን አየ፣ ደረቷን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ረክቷል።

"እና ስንት ሆነች?" አለኝ።

"አንድ ተኩል ዋት አካባቢ።"

ትንሽ አሰበ። "ስልክ ቻርጅ አታደርግም?"

"በጣም ቀስ ብላ ካልሆነ በስተቀር።"

"መብራት ሲጠፋ አትጠቅምማ" አለና ጃኬቱ ውስጥ ከቷት ወረደ።